ስርዝ ድልዝ

እህቴ ሜሮን በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣላት። ለሚቀጥለው ተርም የምትማረውን እንድትመርጥ ያሳስባል። ካልመረጠች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ፖስታው ላይ ግን ስሟን ለየችው። ምንም ያልነካውን ፖስታ በቀሚሷ ጠራርጋ ሰጠችኝና «ምን አሏት?» አለችኝ።

«ክላስ ምረጪ ነው የሚሏት» አልኳት።

ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

በማግስቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ደግ ነበረች። አዝናለሁ አለች፣ ሁለት ጊዜ። ቀጥላ «ሶ፣ ከመዝገቡ ላውጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሜሮን እዚያ መዝገብ ላይ ስሟን ለማስገባት ያየችውን እኔ አይቻለሁ። በአንድ ስልክ አላስወጣትም።

ስለዚህ ይህን እጽፋለሁ። ከአገር ስወጣ አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ አማርኛዬ እዚያ እንዳይቆም በየሳምንቱ አንድ ገጽ ታስጽፈኝ የነበረችው እሷ ናት። «አንዱን ጥለህ ሌላውን አትይዝም» ትለኝ ነበር። ሳይጣፍጥ ቢቀር የኔ ጥፋት ነው።

ለቅሶ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት እማዬን እያጽናኑ «ትምህርቱ ነው የጎዳት፤ ልጅቷ ከአቅሟ በላይ ታገለች» ሲሉ ሰማሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ግን ልክ አይደሉም። ሜሮንን የገደላት ልቧ ነው። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ በጊዜው ስላልታከመ ሕመሙ ልቧን ጎዳው። ሐኪሞቹ እንደዚያ አስረዱን። በየካቲት ቀዶ ሕክምና ገባች፣ አልወጣችም። ትምህርቱ አልጎዳትም። ትምህርቱ ላይ ስትደርስማ ነው ደስ ብሏት ያየኋት።

ቤታችን ቢከን ሂል የሚባል ዳገታማ ሰፈር ነው። ሰባት ቁጥር አውቶብስ ታች ሬኒየር መንገድ ላይ ያወርደንና ዳገቱን በእግራችን እንወጣለን። ሜሮን መሀል ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ትዞራለች።

«ምነው?» እላታለሁ።

«ሐይቁን እያየሁ ነው።»

ጉም ሰፈሩን በዋጠበት ቀንም እዚያው ቦታ ትቆማለች። አንድ ቀን «የቱን ሐይቅ?» ብዬ ሳቅኩባት።

«አንተ ካላየኸው የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ደከመኝ ስትል አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም።

አንድ አባባል ነበራት። አይቻልም፣ አይፈቀድም፣ አይደረግም ሲባል «ማን አለ? የት ተጽፏል?» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድራም የሚመታው ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እኔ ልምታ አለች። አንድ ሽማግሌ «ሴት ልጅ ድራም አትመታም» አሏት። «ማን አለ? የት ተጽፏል?» አለች፣ በትሕትና። ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እንግዲህ…» ብለው ቀሩ። እስከምትታመም ድረስ ድራሙን የመታችው ሜሮን ናት። ጥሩ አልነበረችም። ትቸኩላለች። ዘማሪዎቹ ከኋላዋ ይሮጡ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአባዬ መጀመር አለብኝ።

አባዬ አዲስ አበባ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሠርቷል። እጅ ጽሑፉ የታተመ ይመስላል። በእሱ መሥሪያ ቤት አለቃው ረቂቁን በእርሳስ ይጽፋል፤ አባዬ በቀለም ያጸናዋል። ሥራው ይኸው ነበር። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከመጣለት ይመልሰዋል። የሚኒስትር ደብዳቤም ቢሆን። የተሰረዘ፣ የተደለዘ ነገር ያለበት ወረቀት ለሱ ወረቀት አልነበረም። ዲቪ ደርሶን በ1995 እዚህ ስንመጣ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ከመዝገብ ቤቱ ይዞት የመጣው አንድ ጥቁር ብዕር ነው። ከሸሚዝ ኪሱ አይጠፋም።

ሜሮን አሥረኛ ክፍል ገባች፣ እኔ ስድስተኛ። ለአሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረውን የሚያሳየው ፎርም በጸደይ ወደ ቤት ተላከ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሞልታዋለች፣ በእርሳስ። ሁለት ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛ ድጋፍ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ስፌት። አባዬ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። መነጽሩን አደረገ። ከዚያም የአማካሪዋን እርሳስ ፊደል በፊደል በጥቁር ብዕሩ ተከተለው። ምግብ ዝግጅትን አጸና። ስፌትን አጸና። ከታች ፈረመ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። መምህር በእርሳስ አርቅቆ የላከውን ወላጅ በቀለም ያጸናል፤ እንደዚያ ነው የገባው። ስንመጣ የተሰጠንንም የመጀመሪያውን ፎርም እንደዚሁ አድርጎት ነበር። እኛም አጠገቡ ቆመን ጽሑፉ እንዴት ያምራል አልን። ሜሮንም ጭምር።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት የጀመረ ሰሞን፣ እሑድ ከጉባኤ በኋላ፣ ሜሮን ከሂሩት ጋር ስታወራ ነበር። ሂሩት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የነበረች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት።

«ኦኬ፣ ሒሳብሽ አሪፍ ነው» አለቻት ሂሩት። «የውጭ ቋንቋሽስ? ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሁለት ዓመት ይፈልጋሉ እኮ። የአንድ ቋንቋ፣ ሁለት ዓመት።»

«ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የተማርኩት።»

«ምኑን?»

«እንግሊዝኛ ነዋ!»

ሂሩት በሳቅ ልትወድቅ ደረሰች። «አንቺ! እዚህ እኮ የውጭዎቹ እኛ ነን። እንግሊዝኛ አይቆጠርልሽም። አማርኛሽንም የሚፈትንሽ የለም። ስፓኒሽ፣ ፍሬንች፣ የሆነ ነገር ያዢ።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ግን አሥራ አንደኛ ነሽ አይደል? ሶ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ።»

ሜሮን አልሳቀችም። ሁለት ዓመት ያስፈልጋታል፣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ዘንድሮ ካልጀመረች በሩ ይዘጋል። ዳገቱን ሳትቆም ወጣች፣ ቤት ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ሰኞ አማካሪዋ ጋ ሄደች። ሴትዮዋ ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ በሳህን የምታስቀምጥ፣ ፈገግታ የማይለያት ሰው ነበረች። «የኔ ቆንጆ፣ እንግሊዝኛሽ ገና ነው፤ ሌላ ቋንቋ ያደናግርሻል» አለቻት። ደግሞም ረፍዷል አለቻት። ቀጥላ ፎርሙን አወጣችና የአባዬን ጽሑፍ አሳየቻት። «አባትሽ ተስማምተዋል። እይ፣ በቀለም ነው የጻፉት።»

ሜሮን የፎርሙን ግልባጭ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይኼን በቀለም የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ምነው፣ ተበላሸ?»

«እርሳሱ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? እኛ እንድንቀይረው ነው።»

«መምህር የጻፈውን?» አለ አባዬ።

«አዎ! መምህር የጻፈውን!»

«አትጩኺ» አለች እማዬ።

አባዬ ግልባጩን አንስቶ አየው። ፊቱ ቀላ። ግን «እኔ መምህር ጋ ሄጄ የጻፍሽው ልክ አይደለም አልልም። በዚህ ዕድሜዬ አልልም» አለ። ወረቀቱን አጠፈው። ሜሮን አላለቀሰችም። መኝታ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስታስተካክል ሰማኋት።

በማግስቱ ስፌት ክፍል አልሄደችም። ስፓኒሽ ክፍል ሄደች፤ ሞልቷል፣ ሰዎች ጥግ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ፍሬንች ሄደች፤ ሞልቷል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ጃፓንኛ ነበር። መስኮቱ አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር አየች። ገብታ ተቀመጠች። አስተማሪው ሚስተር ኦካዳ ይባላሉ፣ አጭር፣ ጸጥ ያሉ ሰው። ስም ጠሩ። ጨረሱና አዩዋት።

«ስምሽ እዚህ የለም» አሏት።

«ወንበሩ ግን አለ» አለቻቸው።

ሚስተር ኦካዳ እርሳስ አንስተው ስሟን ከዝርዝሩ ግርጌ ጻፉት። «እስኪያስወጡሽ ድረስ» አሏት። ይህንን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሄደች። ሳትመዘገብ። የቤት ሥራ ትሠራለች፣ ፈተና ትፈተናለች፤ ስፌት ክፍል ደግሞ ቀሪ እየተባለች ነው። ፊደሉን በሳምንት ጨረሰችው። «ናቲ፣ የኛው ዓይነት ነው እኮ! ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ! አምስት ብቻ! እኛ ሰባት ለምደን አምስት ያቅተናል?» የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈች፤ ልክ አገር ቤት የፊደል ገበታ እንደሚሰቀለው። እማዬ እጇን ስትታጠብ ሳታውቀው የመጀመሪያውን መስመር ያዘችው። እሑድ የሰሙት ሰዎች «ሜሪዬ፣ ቶዮታ ልትሸጪልን ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። «ለእናንተ በውድ ነው የምሸጠው» ትላለች።

በስድስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ደወለ። ስልኩን ካላነሳን የሚቀዳው ማሽን ላይ መልእክት ተዉ፤ ልጅዎ ከስፌት ክፍል ሃያ ሰባት ቀን ቀርታለች፣ ይምጡና ያነጋግሩን። አባዬ ሦስት ጊዜ አስደመጠኝ። ከዚያ የእሑድ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። «አንተ ታስተረጉምልኛለህ» አለኝ። «እሷ ተከሳሽ ናት፤ ተከሳሽ ለራሱ አያስተረጉምም።»

ቢሮው ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። አማካሪዋ ከረሜላ አቀረበችልን። አባዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ ተቀበለ፣ አልበላውም። እሷ ስትናገር፣ እኔ ስተረጉም፣ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ለመምህር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።

«ሜሮን ጨዋ ልጅ ናት ትላለች። ታታሪ ናት። ግን ሕግ አፍርሳለች። ቋንቋው ይከብዳታል…» እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ቀጥል» አለችኝ ሜሮን።

«ሌላ ምንም አላለችም።»

«ብላለች። ናቲ፣ ሁሉንም በል። አባዬ ይስማው።»

አልኩት። «ሁሉም ልጅ ለዩኒቨርሲቲ አይሆንም። አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች ስፌት ጥሩ ሙያ ነው። እሷን ማስመኘት ጭካኔ ነው። እንደዚያ ነው ያለችው።»

የአባዬ አንገት መነቅነቁን አቆመ።

ሜሮን ቦርሳዋን ከፍታ ስድስት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከአንዱ በቀር ሁሉም ላይ ሚስተር ኦካዳ በቀይ ትልቅ ክብ አድርገውበታል። አባዬ ክቡ ዜሮ መስሎት ደነገጠ። «ዜሮ?» አለኝ በሹክሹክታ። «አይ፣ በነሱ ልክ ነው ማለት ነው» አለችው ሜሮን። ተነፈሰ።

ከዚያ ፎርሙን እንዲያሳዩት ጠየቀ። ዋናውን። አማካሪዋ አወጣችለት። የራሱን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አየው።

«ለምንድን ነው በእርሳስ የጻፉት፣ በላት።»

«ቤተሰብ እንዲቀይረው ነዋ» አለች። «ሐሳብ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም ጊዜ በቀለም ጽፈው ላኩልን። ምርጫቸው መስሎን ነበር።»

ተረጎምኩለት። አባዬ «ማስመሪያ አላት?» አለኝ።

ማስመሪያ ሰጠችው። ጥቁር ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ማስመሪያውን ስፌት የሚለው ላይ አስተካክሎ ቀጥ ያለ መስመር ሳበበት። ከላዩ፣ ሜሮን ፊደሉን እየነገረችው፣ ጃፓንኛ ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ከጎኑ ፈረመ። እኔ እጁን አይቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስርዝ ድልዝ ሲመልስ የኖረ እጅ ነው።

አማካሪዋም ቢሆን ስርዙን አይታ ቅር አላት፤ «ንጹሕ ፎርም ልስጥዎት?» አለች።

«አይ፣ በላት» አለ አባዬ። «ይኼው ይቀመጥ። የተሰረዘውም ይታይ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ልጄ ግን ከዚያ ወንበር አትነሳም።»

እዚያ ቃል ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ስተረጉም የኔም ከፍ አለ። አማካሪዋ ፎርሙን ወስዳ ማኅተም አደረገችበት።

አውቶብስ ላይ አባዬ ከረሜላውን ለሜሮን ሰጣት። ብዙ ቆይቶ «እኔ የምለው፣ ጃፓንኛ ግን ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ምንም። ስፓኒሹ ሞልቶ ነው» አለችው። እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ሹፌሩ በመስታወት እስኪያየን ድረስ።

ሁለቱን ዓመት ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት። እዚያ ስትገባ ጃፓንኛውን አልቀጠለችም፤ ኬሚስትሪ ያዘች። «አልወደድሽውም ነበር?» አልኳት። «ልወደው አልነበረም የገባሁት» አለችኝ። ለኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ አንደኛውን ዓመት ጃፓንኛ አስመዘገበችኝ። «ከመጀመሪያው ያዘው። እንደኔ በመስኮት አትግባ።» ሆስፒታል ተኝታም ታስጠናኝ ነበር። ነርሷ ይብቃሽ፣ ማውራት የለብሽም ስትላት ምን እንዳለቻት መጻፍ የለብኝም።

አሁን የምቀመጠው የሚስተር ኦካዳ ክፍል ውስጥ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ። ከቀብሯ በኋላ ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ደብተሬን እንኳ አልከፈትኩም። እውነቱን ልናገር፤ ለመተው ወስኜ ነበር።

ባለፈው ዓርብ የአሥረኛ ክፍል ፎርሜ መጣ። ያቺው አማካሪ ሞልታዋለች፣ በእርሳስ። ሁለተኛው ዓመት ጃፓንኛ የለበትም። በቦታው የጥናት ሰዓት ይላል። ኅዳጉ ላይ «ያለበትን ሐዘን በማሰብ» ብላ ጽፋለች። በክፋት አይደለም። እኔም ሳየው ቀለለኝ።

አባዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሜሮን ከሞተች ወዲህ መነጽሩን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ብዕሩን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ። የጥናት ሰዓት የሚለው ላይ እጁ ቆመ። ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

«ላጲስ አምጣ» አለኝ።

«አባዬ፣ ይቅር። አልችልም።»

«ማን አለ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰው። «የት ተጽፏል?»

እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ቆመች። ላጲሱ የሜሮን መሳቢያ ውስጥ ነበር። አመጣሁለት። የጥናት ሰዓቱን ፋቀው፤ ኅዳጉ ላይ ያለውንም፣ ሐዘን የሚለውንም ፋቀው። ፍቅፋቂውን በመዳፉ ጠረገና ጥቁር ብዕሩን ለኔ ሰጠኝ። ለማንም ሰጥቶት አያውቅም።

ሁለተኛ ዓመት ጃፓንኛ ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ፊደል ተበላሸብኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማስመሪያ ወደኔ ገፋልኝ።

ሰረዝኩት። ከላዩ በትክክል ጻፍኩት። ከጎኑ ፈረምኩበት።